አራት ቤት የቆጠረው ሙሽራ

ጋሼ አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ አስፋልት ላይ በደረቱ አስተኝቶ እጁን ወደ ኋላ እንዳሰረው ሲነግረን እማማ ደረታቸውን መቱ። አባ የእጅ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ግንባራቸውን አስነኩ። እኔ በአንድ እጄ ማንቆርቆሪያ፣ በክንዴ ፎጣ ይዤ በሩ ጥግ ቆሜ ነበር።

እማማ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ አባ ባላቸው ናቸው። ገጠር ድብ ባሕር ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ጎንደር አጠገብ አዘዞ እሳቸው ቤት የመጣሁት እንድማር ተብሎ ነው። ትምህርቱ ተረሳ፤ እኔም ዓይን አፋር ስለሆንኩ አላስታወስኳቸውም። እጅ አስታጥባለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ ቤት እጠርጋለሁ። ዝም የምትል ሴት ልጅ ባለችበት ሰው ምንም ነገር ለማውራት አይፈራም። ድስት ፊት እንደሚያወራው ያወራል። ስለዚህ በዚያ ቤት የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

«ምን አጥፍተህ ነው?» አሉ እማማ።

«ምንም። ማኪናዬን እየነዳሁ ወደ ቤቴ ስገባ ነው። ሰፈሬ የደህና ሰዎች ሰፈር ነው። ይኼ የዚህ ሰፈር ሰው አይመስልም ብለው አስቆሙኝ።»

«ታዲያ ማን እንደሆንክ አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው እንጂ። ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ከእነዚያ አይደለሁም አልኳቸው። እዚያ አገር የተወለዱትን ጥቁሮች መስያቸው እኮ ነው።»

«ምነው፣ ዓይን የላቸውም? አፍንጫህን አላዩትም?»

«በደረቴ ተኝቼ አፍንጫዬን የት ያዩታል» አለ ጋሼ። ሊያስቀን ብሎ አልነበረም ያለው።

ጋሼ የቤቱ የበኩር ልጅ ነው፤ አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖሯል። ያን ታሪክ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲናገር ስለሰማሁት ምን እንዳንገበገበው ገባኝ። ፖሊሱ ሰውን በቆዳው አይቶ መሬት ላይ ማስተኛቱ አልነበረም። ያንገበገበው ሌላ ሰው ማስተኛት ሲገባው እሱን ማስተኛቱ ነበር። ፖሊሱ ይቅርታ ጠይቆ አንስቶት፣ በእሱ ፈንታ እዚያው አገር ተወልዶ ያደገ አንድ ጥቁር ቢያስተኛ ኖሮ ጋሼ ማኪናው ውስጥ ገብቶ ደስ ብሎት እራቱን ይበላ ነበር።

ከድብ ባሕር የመጡት የእማማ አጎትም አብረውን ነበሩ። አያ እንላቸዋለን። አያ ስለ አሜሪካ ደጋግመው ይጠይቁ ነበር።

«እዚያ ስንት ዓይነት ሰው ነው ያለው?» አሉት።

«ነጭ አለ፣ ጥቁር አለ፣ እኛ አለን» አለ ጋሼ።

«እኛ የት ጋ ነን?»

«መሀል።»

አያ ጥቂት አሰቡና «ፖሊሱ ይኼን መሀል አልተነገረውማ» አሉ። ጋሼ እጁን ዘረጋልኝና ውሃ አፈሰስኩለት።

ያን ሰሞን ቤቱ ድግስ ላይ ነበር። የጋሼ ታናሽ፣ እኔ እታለም የምላት የአባ ሴት ልጅ፣ ባሏን ይዛ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው። እዚያው በፊርማ ተጋብተዋል። አባ ቄስ ስለሆኑ በሃይማኖቱ እንዳይከራከሯት አስቀድማ አስባበታለች፤ ባሏ እዚያ ባለው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ተምሮ ተጠምቋል፣ የክርስትና ስም ወጥቶለታል፣ አብረው ቆርበዋል። የቀረው መልስ ብቻ ነበር። በመልስ ቀን ሙሽሮቹ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የአባትና የእናትን ጉልበት ስመው ይመረቃሉ። እታለም ከአባቷ ከዚህ ሌላ የፈለገችው ነገር አልነበረም። በስልክ ስታወራ ሰምቻለሁ። «አባ፣ እጅዎን ራሱ ላይ ጭነው ልጄ ይበሉት። ሰው ይይ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም» ነበር ያለቻቸው። አባም «እሺ ልጄ፣ ምን ገዶኝ» ብለው ነበር።

እሺ ያሉት ሰውየውን ሳያዩ ነው። አሜሪካዊ ነው ብላ ነግራቸዋለች። አሜሪካዊ ሲባል እማማ ፈረንጅ ነው ብለው ተረዱ፤ ለማኅበራቸው ሴቶችም «ልጄ ፈረንጅ አገባች» ብለው አወሩ። ሴቶቹም ለሰፈሩ አዳረሱት። ጋሼ ያውቅ ነበር፤ ግን ዝም አለ። ኋላ ስሰማው፣ ሲያዩት ራሳቸው ይመልሱታል ብሎ ነበር ለካ። ሰው የእህቱን ሠርግ እንዲህ አድርጎ ይጠብቃል ብዬ አላስብም ነበር።

አውሮፕላን ማረፊያው ከቤታችን ሩቅ አይደለም። የማኅበሩ ሴቶች በነጭ ለብሰው፣ አበባ ይዘው ሄዱ። እኔንም እቃ ትይዛለች ብለው ወሰዱኝ። እታለም ብቅ ስትል እልል አሉ። ከጎኗ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ የያዘ ረጅም፣ ጠቆር ያለ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነበር። ጥርሱን ገልጦ ወደ እኛ ይስቃል።

«ሙሽራውስ የታለ?» አለች አንዲት የማኅበር ሴት።

«ከኋላ ይሆናላ» አለች ሌላዋ። «ይኼ ሻንጣ የሚይዘው ነው።»

እታለም ባሏን በክንዱ ይዛ ወደ እማማ አመጣችው። እማማ ለመሳም የዘረጉት ፊታቸው መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ እንደምንም ጉንጩን ነክተው ተመለሱ። እልልታው ወዲያው ቆመ፤ ውሃ የተደፋበት ፍም መሰለ። ሰውየው ግን አልገባውም። አበባውን ከአንዷ ሴት እጅ ራሱ ወሰደና በደረቱ አቅፎ ጎንበስ አለ። ሁሉንም ሳማቸው። እኔንም ሳመኝ፤ እኔ በሰው ፊት ተስሜ ስለማላውቅ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩት።

ሰውየው መልአክ ነበር አልልም። ድምፁ ትልቅ ነው፣ ሳቁ ቤቱን ይሞላዋል፣ ሁሉን ነገር በስልኩ ፎቶ ያነሳል። አህያ ያነሳል፣ የጤፍ ጆንያ ያነሳል፣ እኔ ድንች ስልጥ እንኳ አነሳኝ። ጎንደር ወጥተን ግንቡን ሲያይ አለቀሰ። እታለም ምን እንዳለ ነገረችን። «በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሲያየኝ ቆዳዬን ቀድሞ የማያይበት አገር መጣሁ ይላል» አለች። «አሜሪካ ሱቅ ስገባ ዘበኛው ይከተለኛል፣ ሊፍት ውስጥ ስገባ ሴቶች ጥግ ይይዛሉ። እዚህ ግን ወገኔ መሀል ነኝ ይላል።»

እማማ ፈገግ ብለው «ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው» አሉ። ያን ጠዋት ማድቤት ውስጥ ስለ እሱ ባሪያ የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳሉት እኔ ሰምቻለሁ። ማድቤት ያሉ ሴቶችም እያጨበጨቡ ሲስቁ ነበር። እነዚሁ ሴቶች ቅዳሜ ገበያ ከሸክላ ሠሪዋ ድስት ይገዛሉ፤ ብሩን ግን መሬት ላይ አስቀምጠው ታነሳለች እንጂ እጇን አይነኩም። ከዚያ ቤት ተመልሰው አሜሪካኖች ጋሼን እንዴት ናቁት ብለው ያለቅሳሉ። አንድም ቀን ሁለቱን አያይዘው አያውቁም። ማያያዝ ድካም ይጠይቃል፤ እነሱ ደግሞ ለመናቅ እንጂ ለማሰብ ደክመው አያውቁም።

እታለምም ትንሽ ታውቅ ነበር፤ አላውቅም ብትል አላምናትም። ግን ባሏ ፊት ሁሉን ቃል እያሳመረች ትተረጉም ነበር። እናቷ ፊታቸውን ሲያጠቁሩ «ደክሟቸው ነው»፣ ጋሼ አጠገቡ ላለመቀመጥ ሲነሳ «ስልክ ሊያወራ ነው» ትለዋለች መሰለኝ፤ ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ይስማማ ነበር። ቀስ እያልኩ እሷንም መናቅ ጀመርኩ። የምትፈልጋት ምርቃት ብቻ እንድትገኝ ብላ ሌላውን ሁሉ ትውጠው ነበር፤ ያስዋጠችው ደግሞ እሱን ነው።

በድግሱ ዋዜማ ጋሼ አባን ጓሮ ወሰዳቸው። እኔ እዚያው ልብስ አጥብ ነበር።

«አባ፣ ይኼን ሰው ድንኳን ውስጥ ሊመርቁት ነው?»

«ቃል ሰጥቻታለሁ።»

«እዚያ ያሉትን አያውቋቸውም። እኔ መሀላቸው እኖራለሁ። በእነሱ የተነሳ ነው እኛም የምንናቀው። ነገ ልጅ ሲወልዱ የእርስዎ ዘር ነው የሚባለው።»

«በቆዳው ምክንያት አልመርቅህም ልለው ነው?» አሉ አባ። «እኛ ክርስቲያን ነን። እንደ ነጮቹ በቆዳ ሰው አንንቅም።»

«በቆዳው አይበሉት። ዘሩን ይቁጠር ይበሉት። የአባቶቻችን ሥርዓት አይደል? አያ ይቁጠሩት። መቁጠር አይችልም፤ አውቃለሁ። አንዳቸውም አይችሉም።»

በአባ ፊት ላይ ያየሁት እፎይታ ነበር። ከቃላቸው የሚወጡበት በር ተከፈተላቸው፤ ያውም ንጹሕ በር፣ የአባቶች ሥርዓት የተጻፈበት።

በእኛ አገር ጋብቻ ሳይታሰር ሁለቱ ወገን ዘር ይቆጥራሉ። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ እስከ ሰባት ቤት ወደ ላይ ይወጣሉ፤ መሀል ላይ የሚገናኝ ሰው ከተገኘ ዘመዳሞች ናቸውና ጋብቻው ይቀራል። ለዚህ ብቻ ነው የሚቆጠረው። አዘዞ የተወለደች ሴትና ከአሜሪካ የመጣ ሰው በሰባት ቤት ይዛመዱ ይሆን ብሎ መጨነቅ ለሕፃን እንኳ ያስቃል። ደግሞም ተጋብተው፣ ቆርበው፣ አብረው እየኖሩ ነው። ግን ማንም አልሳቀም። ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ፤ አባ፣ ጋሼ፣ አያ፣ ሙሽሮቹ። እማማ በጓዳው መጋረጃ በኩል ያዳምጣሉ። እኔ ጠላ እቀዳ ነበር።

አያ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «በል ቄሱ፣ ያንተን ወገን አሰማ» አሉ።

አባ ጣታቸውን እያጠፉ ሰባቱንም ስም ጠሩ። አንድም አልተሳሳቱም። አንዱ ስም ላይ ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ፤ እሱ ባለ ርስት ነበር ይባላል። ስለ ሌሎቹ ግን ስማቸውን ብቻ ነው የሚያውቁት። ምን በሉ፣ ማንን አገቡ፣ ከማን ተጣሉ፣ ማንም አያውቅም።

«አሁን ያንተ» አሉት አያ ሙሽራውን።

እታለም ፊቷ ነጣ። ምን እንደተፈለገ ገብቷታል። ሆኖም ለባሏ ነገረችው። ሰውየው መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ሲገባው ከወንበሩ ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። የተናገረውን እታለም ቃል በቃል ተረጎመችው፤ ያን ቀን ብቻ አላሳመረችም።

«የአባቶችህን ስም ንገረን ብሎ የጠየቀኝ ሰው በሕይወቴ የለም፤ አመሰግናለሁ ይላል።»

አክብረውት መስሎታል። እኔ ጠላውን ከብርጭቆው ውጭ አፈሰስኩት፤ ማንም አላየኝም።

«አባቴ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነበር» አለ። ስሙን ጠራ። «አያቴ ወታደር ነበር። ከጦርነት ተመልሶ በደመወዙ ቤት ሊገዛ ሲል፣ ጥቁር በዚህ ሰፈር አይገዛም አሉት። ብሩን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የሞተው በኪራይ ቤት ነው።» ስሙን ጠራ። «ቅድመ አያቴ በሰው መሬት ላይ ጥጥ ይለቅም ነበር። ወንድሙን ሰዎች ተሰብስበው ገደሉት፤ እሱም ልጆቹን ይዞ ወደ ሰሜን ተሰደደ።» ስሙን ጠራ። «የቅድመ አያቴ አባት ባሪያ ሆኖ ተወለደ፤ ልጅ እያለ ነፃ ወጣ። እኔ ዛሬ በቤተሰብ ስምነት የምጠራበት ስም የእሱ አይደለም። የገዛቸው ሰውዬ ስም ነው።»

አራተኛ ጣቱን አጠፈና ቆመ። አምስተኛው ጣቱ ተዘርግቶ ቀረ።

«ቀጥል በይው» አሉ አያ።

«ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ የለም» አለች እታለም። «ከብት ስም አይሰጠውም፣ ይሸጣል እንጂ ይላል። እናቲቱ አንድ ቦታ ተሸጠች፣ አባትየው ሌላ ቦታ። ስማቸውን ስፈልግ ኖርኩ፤ አላገኘሁም ይላል።»

እኔ ድንጋይም ቢሆን አሁን ይላወሳል ብዬ ነበር። አባን አየኋቸው። በየጠዋቱ ለሕሙም፣ ለእስረኛ፣ ለተሰደደ የሚጸልዩ ሰው ናቸው። የተሰደደ ሰው ሳሎናቸው ውስጥ ቆሞ ነበር።

አያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አራት ቤት ነው» አሉ። «አጥንቱ አልታወቀም።»

«አልታወቀም» አለ ጋሼም፤ ወዲያውኑ።

«ሰባት ቤት ያልቆጠረ ሰው በአደባባይ መመረቅ ለእኔ ይከብደኛል» አሉ አባ። «ሕዝብ ምን ይለኛል። አስተማሪ ነኝ።»

እታለም በአማርኛ ጮክ ሳትል ተናገረች። «የቀሩትን ሦስቱን የሸጡበትን ሰዎች ነው መጠየቅ ያለብዎት አባ። እሱን አይደለም።»

«እኔ አልሸጥኩበትም።»

«ጋሼን ያስተኙት ፖሊሶች ሰባት ቤት ቁጠር ብለውት ነበር?»

«እኔን ከእሱ ጋር አታያይዥኝ» አለ ጋሼ።

ሙሽራው ከአንዱ ወደ አንዱ እያየ ፈገግ እንዳለ ቆሞ ይጠብቃል። ጥሩ ቆጥሬያለሁ ወይ እንደሚል ተማሪ ነበር የሚጠብቀው። እሷም ልትነግረው አፏን ከፈተች። ያኔ እማማ ከመጋረጃው ወጡና ጆሮዋ ላይ አንሾካሾኩላት። አባ ዛሬውኑ፣ እዚሁ ጓዳ ውስጥ ይመርቋችሁ፤ ነገ ድንኳን ውስጥ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ማንም አይጣላ፤ ድግሱም አይበላሽ። እታለም መሬት መሬት እያየች እሺ አለች። ለባሏም ሥርዓቱ እንዲህ ነው፣ ምርቃት በቤተሰብ መሀል በምስጢር ነው የሚሰጠው ብላ ነገረችው።

ጓዳው ውስጥ የዱቄት ጆንያና የበርበሬ እንቅብ አለ። መጋረጃውን ይዤ እንድቆም፣ ሰው እንዳይገባ እንድጠብቅ አዘዙኝ። ያ ትልቅ ሰው በጆንያዎቹ መሀል ተንበርክኮ የአባን ጉልበት ሳመ። አባ እጃቸውን ከራሱ ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ፀጉሩን ሳይነኩ፣ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ሲጨርሱ ሰውየው ጉልበቱ ላይ ዱቄት ይዞ ተነሳ፣ ደስ ብሎት። እኔን ሲያልፍ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ የያዝኩት መጋረጃ ብቻ ነበር፤ ግን ያን ያህል የሚከብድ ነገር ይዤ አላውቅም።

በማግስቱ ድንኳኑ ሞላ። ካህናት ከፊት፣ የሰፈር ሰው ከኋላ። ከምሳ በፊት ልማዱ እንደሆነው የቤተሰቡ ልጆች፣ የእህት ልጆች፣ የወንድም ልጆች እየተነሱ የአባን ጉልበት ስመው ይመረቁ ጀመር። አባ እያንዳንዱን «እደግ፣ እደጊ፣ ወልዳችሁ ሳሙ» ይላሉ። እታለም አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ጋሼ ሱፍ ለብሶ እንግዳ ያስተናግዳል።

ሙሽራው ይህን አየ። ትናንት የተነገረውን አስታወሰ መሰለኝ፤ ምርቃት በምስጢር ነው ተብሎ ነበር። እዚህ ደግሞ ሁሉም በአደባባይ ይመረቃል። ምን እንዳሰበ አላውቅም። ምናልባት ሁለት ጊዜ ቢመረቅ ጥፋት የለውም ብሎ ይሆናል። እታለም እጁን ሳትይዘው ተነሳና በሰልፉ መጨረሻ ቆመ። ተራው ሲደርስ ሰፊ ትከሻውን አጥፎ ተንበረከከ።

አባ እግራቸውን ወደ ወንበሩ ሥር ሳቡ። ካባቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡ። ከዚያ ወደ ጎን ዞረው አጠገባቸው ያሉትን ቄስ «ጠላው ዘንድሮ እንዴት ነው፣ አልከረረም?» አሏቸው።

ሰውየው ተንበርክኮ፣ እጁን የአባ እግር ወደነበረበት ባዶ ቦታ ዘርግቶ ቆየ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አየ። አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሌሎቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ፊቱ ላይ ድንጋጤ አልነበረም፤ ይኼን ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሰው ፊት ነበር። ልቡ የተሰበረው እዚህ አያገኘኝም ብሎ ስላመነ ይመስለኛል።

ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። ወደ እታለም ሄዶ አንድ ነገር ዝቅ ብሎ ጠየቃት። ነገረችው፤ ረጅም ነበር፤ ስትነግረው ሁለት ጊዜ ወደ ጓዳው በጣቷ አመለከተች። ሲያዳምጣት ዓይኑን ከአባ ላይ አላነሳም። እሱ ወጣ፤ እሷም ቬሏን አውልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ተከትላው ወጣች። በሩ ላይ አንድ ሚኒባስ አስቁመው ወደ ጎንደር ሄዱ።

«አላልኳችሁም?» አለ ጋሼ። «ቁጡ ናቸው። ለትንሽ ነገር ቤት ያፈርሳሉ።»

እማማ ለእንግዶቹ በረራው ተቀድሞባቸው ነው ብለው ተናገሩ። እንግዶቹም አመኑ፤ ወይም ክትፎው እስኪቀርብ ያመኑ መሰሉ። በሉ፣ ጠጡ፣ ጨፈሩ። ሙሽራ የሌለበት ድንኳን ውስጥ እስኪመሽ ተጨፈረ። እኔ ሳህን ሳነሳ አንድም ሰው ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

ሻንጣቸውን እንዳደርስ የላከችኝ እታለም ናት፤ በስልክ። ጎንደር ያረፉበትን የሆቴል ክፍል በር የከፈተልኝ እሱ ነበር። ሻንጣዎቹን ተቀበለኝና አየኝ። ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ አየኝ፣ እነሱ እሱን እንዳዩት። የዚያ ቤት ሰው ነኝ፤ መጋረጃውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ሁሉን ነግራዋለች። ትከሻዬን መታ አላደረገኝም። በሩን ዘጋ። ታክሲ ስጠብቅ በጣም ከፋኝ፤ እኔ ምን አደረግኩ ብዬ ተነጫነጭኩ። አዘዞ ሳልደርስ ግን መነጫነጬን ተውኩት። ሰውየው እያንዳንዳችንን እየቀመሰ መለየት ሰልችቶታል፤ ሁላችንንም አንድ ላይ ጣለን። በእኛ ቤት ይኼ የሚደንቅ ነገር አይደለም።

ጋሼ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። እታለም መደወል አቆመች። አባ መጀመሪያ ተቆጡ፤ አሜሪካ አበላሻት አሉ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት «ስልክ አልጮኸም?» ማለት ጀመሩ። ከዚያ ራሳቸው ደውይልኝ ይሉኝ ጀመር፤ ስልኩን እኔ ነኝና የማውቀው። አታነሳም። እማማ ከአንድ ዘመድ እታለም ወንድ ልጅ ወልዳለች የሚል ወሬ ሲሰሙ አባ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ጋቢያቸውን ለብሰው ግቢው ውስጥ ሲመላለሱ ቆዩና «ደውይ» አሉኝ።

አነሳችው።

አባ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። ድምፁ ይሰማ ዘንድ ከፍ አድርጌላቸው ነበር።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ። «ስሙን ማን አላችሁት?»

ነገረቻቸው። የባሏ ቅድመ አያት ስም ነበር፣ የጥጥ ለቃሚው። አባ ስሙን ሁለት ጊዜ ሞከሩት፤ አልወጣላቸውም።

«ምነው፣ ከእኛ ወገን ስም ጠፋ?»

«አልጠፋም።»

«ልጁ ሲያድግ ዘሩን መቁጠር አለበት» አሉ አባ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የልመና ነበር። «አፉን ሲፈታ እኔ በስልክ አስቆጥረዋለሁ። ሰባቱንም። አሁን ሰባቱን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ወንድምሽ ረስቷል።»

«የአባቱን ወገን ይቆጥራል» አለች እታለም።

«እሱማ አራት ቤት ነው።»

«አራት ይበቃዋል።»

«የእናቱስ ወገን?»

«የእናቱን ወገን አላስተምረውም አባ። ማንነታቸውን ቢጠይቀኝ፣ አይታወቁም እለዋለሁ።»

የአባ የቀኝ እጅ ጣቶች ጋቢው ላይ ታጠፉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሊቆጥሩላት ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልቆጠሩም። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት።

«መስመሩ ተቋርጧል» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰማሁ፤ እታለም ደግሞ እሹሩሩ ትለው ነበር።